ስም ያለው አበባ፦ ዘሩን ልግዛ ወይስ ግንጣዩን?

ጓደኞቼ ደስ ያለቻቸውን አበባ ባዩ ቁጥር የሚጠይቁኝ ያው ነው፤ «ዘሯን ብለቅም ራሷ ትበቅልልኛለች?» አትበቅልም። ልጇ ትበቅል ይሆናል፤ እሷ ግን አይደለችም።

ዓመት ከዓመት ከሥራቸው የሚያቆጠቁጡት፣ መልካቸው ተመርጦ የራሳቸው ስም የወጣላቸው አበቦች አብዛኞቹ ከአንዲት እናት እየተገነጠሉ ወይም ቅርንጫፋቸው እየተቆረጠ የተባዙ ናቸው። ዘር ሲሆን ግን ንብ ትገባበታለች፤ አጠገቡ ያለው የዘመዱ አበባ ሁሉ አባት ሊሆን ይችላል። እኔ የግንጣይ ወገን ነኝ፣ አልደብቅም።

ዋጋው ላይ እንምጣ፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የለቀማችሁት ዘር ነጻ ነው፣ የተገዛውም ከአንድ ግንጣይ ይረክሳል። ግን አፈሩን፣ ሳክሲያውን፣ የያዘውን ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ዓመታቱን ደምሩበት። ዴይሊሊ ከዘር እስኪያብብ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል፣ ፒዮኒ 4 ወይም 5። ያን ሁሉ ጠብቃችሁ ያላዘዛችሁት ቀለም ቢመጣስ? ለቅጠሏ ውበት የምትተከለውን ሆስታ አንድ ደህና ገዝታችሁ ሲጠነክር በስለት ብትከፍሉት ግን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቡቃያና ሥር እስካለው ድረስ፣ በአንዱ ዋጋ 3 ወይም 4 ትክክለኛ ሆስታ አላችሁ። እስቲ አካፍሉት፤ የቱ ነው ውዱ?

ሆስታ ካነሳን አይቀር፣ «ፓትሪየት» የምትባለው የቅጠሏ ዳር ነጭ ነው። ዘሯን ብትዘሩ የሚወጣው ተራ አረንጓዴ ነው፤ ዘሩ የሚፈጠረው ከአረንጓዴው ውስጠኛ ሽፋን እንጂ ከነጩ ዳር አይደለማ። የቅጠላቸው መሃል ነጭ የሆኑትማ ይብሳሉ። ነጭ ችግኝ ብቅ ይልና፣ ምግብ የሚሠራበት አረንጓዴ ስለሌለው እዚያው ይሞታል።

አስመሳዩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ሂድኮት» የሚል ካርድ የተሰካባቸው የላቬንደር ችግኞች በርካሽ አግኝቼ ለአጥር ገዛሁ። ሂድኮት አጠር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠቆር ያለ ወይንጠጅ ነው። የእኔዎቹ ሲያብቡ አንዱ ጉልበቴ ደረሰ፣ አንዱ መሬት ላይ ቀረ፤ ቀለሙም ከወይንጠጅ እስከ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። ለካ ሻጩ ከዘር አፍልቶ ስሙን ለጥፎበታል። ብሄድበት «ላቬንደር አይደለም እንዴ?» አለኝ። ምን ይባላል፣ ላቬንደር ነው።

የባሰም አለ። የ«ሮዛን» ጄራኒየም ዘር ብለው የሚሸጡ አሉ፤ ሮዛን መካን ናት፣ ዘር አትይዝም። «ግሮሶ» ላቬንደርም እንደዚያው። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው፣ በነጻ ቢሰጧችሁም አትድከሙበት።

ከዘር ቢመጣ ቅር የማይለኝ ኤኪናሲያ «ማግነስ» ነው። ድሮም ከዘር እየተመረጠ የወጣ ስለሆነ እናቱን ይመስላል። አኩሊጂያም ቀለሙ ምንም ይሁን ለምትሉ ባዶ ቦታ ለመሙላት ርካሽ ነው፤ እርስ በርሱ እንደ ጉድ ስለሚዳቀል ግን ስሙን ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩበት።

ለሌላው ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት «ከዘር የፈላ ነው ወይስ ከእናቱ የተገነጠለ?» በሉ። ሻጩ ከተንተባተበ፣ ሲያብብ ተመለሱና አይታችሁ ግዙ።