በእጅ የተቀጠቀጠ የቫይኪንግ ሰይፍ፦ ከወራት በኋላ ምን ልበል?

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልናገር። ይህን ሰይፍ የገዛሁት ሁለት ዓይነት ብረት ተዋህዶ ስለቱ ላይ ለሚያወጣው ጥለት ነው። እስከ ዛሬ የወደድኩት ግን በሚዛኑ ነው። ጥለቱ ያምራል፤ ግን ሥራ ያበዛል። ለልምምድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ተራውን ቢገዛ ገንዘቡም ጊዜውም ይተርፈዋል።

የምኖረው ኦስሎ ነው። የሠራልኝ ትንሽ ወርክሾፕ ያለው ብረት ቀጥቃጭ ነው። ስለቱ 76 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጠቅላላ ክብደቱ 1.15 ኪሎ ነው። እጀታው ያን ፔተርሰን የተባለ ኖርዌያዊ አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው አመዳደብ «ኤች» የሚባለው ዓይነት ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ማዕዘን ጉልላት አለው። ሠሪውም ገዢውም ዛሬም የሚግባቡት በፔተርሰን ፊደሎች ስለሆነ ከማዘዛችሁ በፊት አይታችኋቸው ብትሄዱ ጥሩ ነው። ዋጋው? በዚሁ መጠን ከአንድ ብረት ለተሠራ ሰይፍ ከሚጠየቀው ከእጥፍ በላይ።

የሚያስወድደው ድካሙ ነው። ባለሙያው በየደረጃው ፎቶ ይልክልኝ ነበር። ሁለት ዓይነት ብረት ይደራርባል። አንዱ ተራ የካርቦን ብረት ነው፤ ሌላው 2 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለበት 15ኤን20 የሚባለው። ቦራክስ (የብረቱን ገጽ ከዝገት የሚያጸዳ ዱቄት) ይነሰንስበትና ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግለዋል። ከዚያ በመዶሻ እየመታ ያጣብቀዋል። ብረቱ አይቀልጥም፤ እንደ ጋለ ነው የሚዋሃደው። የተጣበቀውን ዘንግ እንደገና አግሎ ልብስ እንደሚጨመቅ ይጠመዝዘዋል። የእኔ ሰይፍ መሃሉ አራት ዘንግ ነው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ የዞረ ስለሆነ ጎን ለጎን ሲገጥሙ የ«ቪ» ቅርጽ እየተደጋገመ ይወርዳል። ዙሪያውን ያለው የሚቆርጠው ጠርዝ ለብቻው ጠንካራ ብረት ነው። ተሞርዶና ተወልውሎ ሲያበቃ ፈሪክ ክሎራይድ የሚባል ብረት የሚበላ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ኒኬል ያለበት ብረት ፈሳሹን ተቋቁሞ ይበራል፤ ሌላው ይጠቁራል። ጥለቱ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው ያኔ ነው።

የጥንቶቹ ባለሙያዎች ኒኬሉን አያውቁትም ነበር። እነሱ ፎስፈረስ የበዛበትን ብረት ከሌላ ብረት ጋር ያጣምሩ ነበር። ዘዴውም ከ8ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከነበሩት ከሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች፣ ከቫይኪንጎች፣ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ ውስጥ ሰተን ሁ ላይ በቁፋሮ የወጣው የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሰይፍ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። በቫይኪንጎች ዘመን ጥሩ ብረት እየተገኘ ሲመጣ ጥለት ያለው ስለት ቀስ በቀስ ቀረ። «ኡልፍበርህት» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ዝነኛ ሰይፎች የዚያ ሽግግር ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሻጭ «ጥለት ያለው ይጠነክራል» ቢላችሁ አትስሙት። በዛሬ ብረት እንዲያውም እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጉድለት ሊደበቅበት የሚችል ቦታ ነው።

አጠቃቀሜ ይኸው ነው፦ ውሃ ውስጥ ያደረ የገለባ ምንጣፍ ጠቅልለን እናቆምና እንቆርጣለን። እዚህ ላይ ሰይፉ እንከን አይወጣለትም። የሚዛን ነጥቡ ከእጅ መከላከያው 14 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። መሃሉን ተከትሎ የወረደው ቦይ ክብደት ይቀንሳል፤ ስለቱም ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። በአንድ እጅ ስትወነጭፈው ከባድ አይመስልም፤ ሲያርፍ ግን ያርፋል! መያዣው አጭር ነው። መዳፍ በመከላከያውና በጉልላቱ መሃል ጥርቅም ብሎ ይገባል። መጀመሪያ ጠቦኝ ነበር። ሰው እንደሚጨባበጥ ዘንበል አድርጎ መያዝ ሲለመድ ግን ጥበቱ ይረሳል። እጃችሁ ሰፊ ከሆነ መዳፋችሁን ለክታችሁ ላኩ።

አሁን ወደ ምሬቱ። ይህ ብረት ይዝጋል፤ ቀልድ የለውም። እርጥብ ምንጣፍ ከቆረጥኩ በኋላ ወሬ ከመጀመሬ በፊት ነው የማብሰው። በፈሳሽ የተበላው ገጽ ጥቃቅን ወጣ ገባ ስላለው እርጥበት ይይዛል። የጣት አሻራም ካልተጠረገ ምልክት ይተዋል። ክረምቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከውጭ ብርድ ሞቃት ክፍል ሲገባ ስለቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ሙቀቱ እስኪስተካከል ከነማኅደሩ መተው፣ ከዚያ ጠርጎ በስሱ ዘይት መቀባት ነው። ምንጣፉም ጥለቱን ቀስ በቀስ ይፍቀዋል። በተለይ ጫፉ አካባቢ ጥቁሩ ገርጥቷል። እንደገና ተወልውሎ ቢነከር ይመለሳል፤ ግን ያም ወጪ ነው።

የማሞቂያው ደረቅ አየር የእጀታውን እንጨት አኮማትሮት መያዣው ትንሽ መነቃነቅ ጀምሮ ነበር። ባለሙያው ያለ ክፍያ አስተካከለልኝ፤ ምስጋና ይገባዋል። በአንዱ ጎን ግን ጸጉር የምታህል የመጋጠሚያ መስመር አለች። «የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው» አለኝ። እስካሁን አልሰፋችም፤ ቢሆንም በዚህ ዋጋ ባትኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ቤት የሚመጣ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሲያየው መንካት ይፈልጋል። አንድ ሽማግሌ እንግዳ እንዲያውም «ይሄ ለወግ ነው ወይስ ያርዳል?» አሉኝ። ያርዳል፣ አባባ፤ አይንኩት! ደግሞ እዚህ አገር ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ አደባባይ መውጣት በሕግ ያስጠይቃል። ወደ ልምምድ ስሄድ ጠቅልዬ፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ነው።

ትልቁ ቅሬታዬ አፎቱ ነው። አብሮ የመጣው ቆዳ ብቻ ነው። ቆዳ እርጥበት ያምቃል፤ የተለፋበት ኬሚካልም ለብረት አይበጅም። ስለዚህ ስለቱን ውስጡ አላሳድርም፤ ለማጓጓዣ ብቻ ነው የምጠቀምበት። በቫይኪንግ ዘመን አፎት ከእንጨት ይሠራና ውስጡ የበግ ጸጉር ይደረግበት ነበር። የጸጉሩ ቅባት ስለቱን ይጠብቃል። ባለሙያውን እንደዚያ እንዲሠራልኝ ብጠይቀው ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ፤ እኔም ሌላ እንጨት ሠሪ ጋ አዝዣለሁ። እናንተ የምታዙ ከሆነ አፎቱን ከሰይፉ ጋር አንድ ላይ ተደራደሩ።