የቃኘው ዘማች ማስታወሻ፦ ቤት ወይስ ሙዚየም?

ለኮሪያ ጦርነት የተላከው የኢትዮጵያ ጦር፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ፣ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነው። በዘመቻው ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ተሰውተዋል። ሜዳሊያና ፎቷቸው ግን ዛሬም በየቤቱ አለ። ቤት ይቀመጥ ወይስ ለሙዚየም ይሰጥ?

ቤት ሲሆን ታሪኩ አይቋረጥም። አንዲት ጎረቤታችን የተሰዉትን አባታቸውን ሜዳሊያ በመስታወት ፍሬም ሰቅለውታል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው፤ ጽሑፉ በአማርኛ። ቡና ሲፈላ የልጅ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ እሳቸውም ያወራሉ። ችግሩ ፍሬሙ ከመስኮት ትይዩ መሆኑ ነው። ሰማያዊና ነጩን ሪባን ፀሐይ በልቶት፣ ሰማያዊው ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር አካባቢ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። ሜዳሊያው እንዲህ ያለ ቦታ ቢገባ የማያውቃቸው ሰውም ያያቸዋል። ቤት ሲፈርስ ወይም ውርስ ሲከፋፈልም አይጠፋም። ታሪኩ አብሮ ካልተሰጠ ግን ከብዙ ሜዳሊያዎች አንዱ ሆኖ ይቀራል።

እኔ ብሆን ሜዳሊያውን ከታሪኩ ጋር ለሙዚየም እሰጣለሁ። ፎቶውና ደብዳቤው ቤት ይቅር። ፎቶው ጀርባ ላይ ስማቸውንና ማዕረጋቸውን በስሱ በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ለፊት ያልፋል።