ከቦሌ ኮምቦልቻ በረዳቷ እጅ

ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ስነዳ «ረዳት» ማለት ለእኔ ጎማ የሚፈታ፣ ዳገት ላይ ታኮ የሚያደርግ፣ ሌሊት ጭነቱ ላይ የሚተኛ ልጅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከቦሌ ወደ ኮምቦልቻ ስበር ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ «እኔና ረዳት አብራሪዬ» ሲል ልቤ ድንግጥ ያለው ለዚህ ነው። ልጅቱን ቀደም ሲል በመስኮት አይቻታለሁ። ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣ ጎንበስ ብላ ጎማውን ስትመረምር ነበር። ከመጨረሻ ልጄ አትበልጥም።

አውሮፕላኗ ኪው 400 ናት፤ ባለ ሁለት ፕሮፔለር፣ ክንፏ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ አገሩን ቁልቁል ለማየት ትመቻለች። በመኪና ጣርማ በርን ወጥቼ፣ ካራቆሬንና ከሚሴን አልፌ ቀኑን ሙሉ የምገፋውን መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ ጨረስነው። ኮምቦልቻ ተራራ የከበባት ናት፤ ስንዞር የወንበሬን እጀታ ጨብጬ ነበር። ጎማው መሬት ሲነካ ግን ከጎኔ የተኛችው ሴትዮ እንኳ አልነቃችም።

ስወርድ ካፒቴኑን በሩ ላይ አገኘሁትና «ማን ነው ያሳረፋት?» አልሁት።

«እሷ ናት አባቴ። እኔ ራዲዮውን ይዤ እከታተላት ነበር» አለኝ። ልጅቱ አፍራ አንገቷን ደፋች።

የእህቴ ልጅ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው። ማታ ደሴ፣ ቡና ላይ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ያሳሳተዎት ስሙ ነው። እሷም ፈቃድ አላት። በረራውን እየተቀያየሩ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲያበር ሌላው መሣሪያውን ይከታተላል፣ ስህተት ካየ ይናገራል። ከ10,000 ጫማ ከፍታ በታች ደግሞ ከሥራው ውጭ ወሬ የለም።» እኔ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ እንኳ ወሬ አቁሜ አላውቅም።

ወጣት አብራሪ የበረረው ሰዓት ማነሱ አያሰጋም ወይ ብዬም ጠየቅሁት። አሜሪካኖች በመደበኛው 1,500 ሰዓት ያልበረረ ሰው በመንገደኛ አውሮፕላን ረዳት እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ አላቸው አለኝ። ሕጉን ያመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የደረሰው አደጋ ነው፤ የወደቀችው ያው ኪው 400 ዓይነት አውሮፕላን ስትሆን 50 ሰው ሞተ። የሚገርመው፣ ሁለቱም አብራሪዎች ከ2,000 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ። በ1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት ሁለት አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ ደግሞ፣ ተነሣ ሳይባል የተንደረደረው ካፒቴን የኩባንያው ዋና አሠልጣኝ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልወጣም እንዴ ብሎ ሲጠይቀው፣ ወጥቷል ብሎ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ነው ታናሹ እንዲናገር፣ አለቃውም እንዲሰማ በትምህርት መልክ ማሠልጠን የተጀመረው።

ቡናውን አስቀመጥሁት። አንድ ክረምት እዚያው ሐረጎ ላይ ረዳቴ «ፍሬን ይሸተኛል» ሲለኝ «አንተ ምን ታውቃለህ!» ብዬ ጮኼበታለሁ። በኋላ ከነጤፉ ቦይ ውስጥ ገብተን አደርን። ልጁ አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላለኝም፤ እኔም ፍሬኑ ተበላሸ እንጂ ረዳቴ ነግሮኝ ነበር ብዬ ለማንም አውርቼ አላውቅም።

እንግዲህ ለበረራው ከአምስት አምስት። አንድ ነጥብ ልቀንስ ብዬ ነበር፣ በድንጋጤዬ ምክንያት፤ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ ያደረሰኝ ታክሲ ግን ሌላ ነው። ዋጋው ተስማምተን ከተነሣን በኋላ ጨመረ፤ እሱ ይሁን። ኩርባው ላይ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ሲያወራ «ቀስ በል ልጄ» አልሁት።

«መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ አባባ» አለኝ። ሐረጎ ላይ ጭጋጉ ገና አልገፈፈም ነበር።