ታኬዳ ግንብ፦ ጉሙን ከማዶ፣ ካቡን ከቅርብ

በጃፓን ሂዮጎ ግዛት፣ በአሳጎ ከተማ ያለው የታኬዳ ግንብ ፍርስራሽ ዝነኛ የሆነው በጉም ባሕር ላይ ተንሳፎ በሚታይበት ፎቶ ነው። ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ ግንቡ ላይ ይወጣና ከእግሩ በታች የተኛ ጉም ብቻ አይቶ ይወርዳል። ግንቡ ሲንሳፈፍ የሚታየው ከሸለቆው ማዶ፣ ሪትሱንክዮ ከሚባለው ተራራ ነው። መግቢያ የሚከፈለው ለሁለቱም ለየብቻ ነው።

ጉሙ የማሩያማ ወንዝ ሥራ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሳይኖር ይመጣል። ደመናማ ሌሊት ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ በማግስቱ መድከም ዋጋ የለውም። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ካለፈ ጉሙ ይበተናል። ከሂሜጂ ከተማ በባቡር ተነሥቶ፣ ቴራማኤ ጣቢያ ላይ ቀይሮ ለንጋት መድረስ አይቻልም፤ ታኬዳ ወይም ጎረቤቱ ዋዳያማ ማደር የግድ ነው።

ጉም ቢቀርስ? እንደኛ ከሆነ ከግንቡ የቀረው የድንጋይ ካብ ብቻውን ጉዞውን ይክሳል። 353.7 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ አናት ላይ ያለው ፍርስራሽ ርዝመቱ 400፣ ወርዱ 100 ሜትር ያህል ነው። ያልተጠረበ ድንጋይ ያለ ጭቃ ተክቦ፣ ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ ተወትፏል። የዝናብ ውሃ በመሃል ስለሚያልፍ ከኋላ ተጠራቅሞ ካቡን አይገፋውም። ማዕዘኖቹን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ረጃጅሞቹ ድንጋዮች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየተጠላለፉ ነው የወጡት። ካቡን ያሠራው የግንቡ የመጨረሻ ጌታ አካማትሱ ሂሮሂዴ ነው፤ እሱ በ1600 (በፈረንጆቹ) ሲሞት ግንቡም ባዶ ቀረ። ጣሪያና ክፍል ያለው ግንብ የሚጠብቅ ሰው ግን ሂሜጂ ቀርቶ የዚያን ከተማ ግንብ ቢያይ ይሻለዋል።

ከታኬዳ ጣቢያ አውቶቡሱ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ ሌላ 20 ደቂቃ በእግር ነው። አውቶቡሱ ዓመቱን ሙሉ ስለማይሠራ ሰሌዳውን አስቀድሞ ማየት ያሻል። ከጣቢያው ጀርባ የሚወጣው መንገድ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ 40 ደቂቃ ያዙለት። ላይ መንገዱ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የጎብኚ ብዛት አፈሩን ስለሸረሸረው ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ገመድ ተወጥሯል። ያለፋችሁትን ካብ ፎቶ እናነሳለን ብላችሁ መመለስ የለም። ከጥር 4 እስከ የካቲት መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ግንቡ ዝግ ነው። መጸዳጃ ቤት ላይ ስለሌለ ከታች ጨርሳችሁ ውጡ።