ደሴ ላይ ኬሞካይን ያዘዛችሁ፣ ስቲከሩን ላጡት

የቫያሉን፣ ማለትም ኬሞካይን የተባለው የላብራቶሪ ፕሮቲን የመጣበትን ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ፣ ስቲከር የላጥኩት ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው የሸጡልኝ ሰዎች ሱቅ ውስጥ፣ ባንኮኒው ፊት ቆሜ ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም። ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሁለት ቀን ካለፈኝ "እንግዲህ ምን ይደረጋል" ማለት እንደምጀምር አውቃለሁ።

ስማቸውን አልጠራም። ዓይነታቸውን ግን ታውቁታላችሁ። ከፊት ጓንት፣ የስኳር መለኪያ ስትሪፕና የደም ግፊት መሣሪያ ይደረድራሉ። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ "የፈለጋችሁትን ሪኤጀንት ከውጭ በትዕዛዝ እናመጣለን" ይላሉ፤ ለላብራቶሪ ሙከራ የሚውለውን ንጥረ ነገር ማለታቸው ነው። ግማሹን ቅድሚያ ትከፍላላችሁ። ከዚያ "ጉምሩክ ይዞታል" ይጀመራል። ሦስት ሳምንት የተባለው ሦስት ወር ይሆናል። ገንዘቡ ተጠቃሎ እስኪገባላቸው ድረስ "ዶክተር" እያሉ ነው የሚያናግሯችሁ። እኔ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። "ዶክተር" ስባል ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው እሱም ያንገበግበኛል።

ያዘዝኩት ሪኮምቢናንት ኢንተርሉኪን 8 ነው። ሲ ኤክስ ሲ ኤል 8 የሚባለው። 10 ማይክሮግራም፣ 38 ሺህ ብር። ግማሹ የመመረቂያ ጥናት ድጎማዬ ነው። ቀሪው ከደመወዜ ያጠራቀምኩትና ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከሚሠራው ወንድሜ የተበደርኩት ነው።

ኬሞካይን ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ቆሰለ ቦታ የሚጠራ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ይሄኛው በተለይ ኒውትሮፊል የሚባሉትን የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ይጠራል። የሰውን ጂን ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ያስገቡና ያመርቱታል፤ አጣርተው፣ አድርቀው በቫያል ይሸጡታል። የኔ ጥናት የስኳር ሕመም ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች ኒውትሮፊሎች ለዚህ ጥሪ እንዴት እንደሚመልሱ ማወዳደር ነው። ከታች ኬሞካይኑ ይደረጋል፣ ከላይ ሴሎቹ። መሃል ላይ ባለው ባለ 3 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ማጣሪያ ስንቱ ሾልኮ እንደወረደ እቆጥራለሁ።

ዕቃው በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ገባ ተባልኩ። የሱቁ ሠራተኛ የሆነው ልጅ አየር ማረፊያው በር ላይ ካርቶኑን ሰጠኝ። ስከፍተው በረዶው ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ነበር፣ ለብ ያለ ውሃ ሆኗል። ጠየቅኩት። "ዱቄት ስለሆነ ሙቀት አይነካውም" አለኝ። ይሄ እውነትነት አለው፤ የደረቀ ፕሮቲን ጥቂት ቀን ያለ ማቀዝቀዣ ቢቆይ ብዙ ጊዜ አይበላሽም። የሚያበሳጨኝም ይሄው ነው፤ ግማሽ እውነት ይዘው ነው የሚመጡት። ርክክቡ ላይ ፈረምኩ። የቀረውን ክፍያ እዚያው በቴሌብር ላክሁ። የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር።

ቫያሉ ውስጥ ወፈር ያለ ነጭ ዱቄት ነበረ። "አየሽ፣ ሙሉ ነው!" ብሎኝ ነበር ልጁ። እኔም በሙላቱ ተደሰትኩ። እዚህ ላይ ነው በራሴ የማዝነው። 10 ማይክሮግራም ንጹህ ፕሮቲን በዓይን አይታይም። ከቫያሉ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ስስ ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ከመክፈታችን በፊት በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክረን የምናወርደው። በእርግጥ አልቡሚን ወይም ስኳር የተጨመረበት ትክክለኛ ምርትም ነጭ ሆኖ ይታያል። እኔ ግን ምንም ያልተጨመረበትን ነው ያዘዝኩት። ይሄንን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ዱቄቱን ሳይ ግን ትዝ አላለኝም።

በ100 ማይክሮሊትር ውሃ በጠበጥኩት፣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ኒውትሮፊልን እንደ ሌላ ሴል አቀዝቅዞ ለነገ ማቆየት አይቻልም። ጠዋት የተቀዳ ደም በዕለቱ መሠራት አለበት። ስለዚህ ፈቃደኞቹ በማለዳ ይመጡልኝ ነበር። ጾመው፣ ከሥራቸው ቀርተው፣ አንዱ ከሐይቅ ድረስ ተሳፍሮ። ሁለት ጊዜ ሠራሁ፤ አንድም ሴል አልወረደም ማለት ይቻላል። እጄን ተጠራጠርኩ። ፒፔቱን፣ ማጣሪያውን፣ መብራት የጠፋበትን ሌሊት ተጠራጠርኩ። ማታ ማታ አለቀስኩ። ሻጮቹን ግን አንድ ቀን እንኳን አልጠረጠርኩም።

በሦስተኛው ጊዜ አማካሪዬ ከአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ኤል ፒ ይዘውልኝ መጡ። እሱም ኒውትሮፊል የሚጠራ ነው፤ ከመጀመሪያው ማወዳደሪያ አድርጌ ልጠቀምበት ይገባኝ ነበር። ሴሎቹ ወደ እሱ ጎረፉ። በ38 ሺህ ብሬ ወደተገዛው ግን ዝር አላሉም። ሴሎቹም እጄም ደህና ነበሩ።

ዛሬ ጥቂት የቀረበትን ቫያል በረዶ ባለበት ፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ስልኩን እያየ "ማቀዝቀዣችሁን አስፈትሹ" አለኝ። የሠራሁትን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ቀና አላለም። ባለቤቱ ከጓዳ ወጣ። "ስሚ አንቺ ልጅ" አለኝ። ዶክተርነቴ እዚህ ላይ አበቃ። "አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ላብራቶሪዎች ይወስዱታል። አንድም ቅሬታ መጥቶብን አያውቅም። አጠቃቀሙን ማወቅ ይጠይቃል።"

ቫያሉን ላሳየው ከፔርሙሱ አወጣሁት። በረዶው አርሶት የስቲከሩ ጠርዝ ተነስቷል። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ይታያል። በጥፍሬ ሳብኩት። ሳይቀደድ፣ ቀስ ብሎ ተላጠ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ "ስታንዳርድ" ይላል። 10 ናኖግራም ይላል። የመጠቀሚያ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

የኤላይዛ ኪት፣ ማለትም የፕሮቲን መጠን የሚለካበት የምርመራ ዕቃ፣ ውስጥ ያለችው ማነጻጸሪያ ቫያል ናት። ጊዜው ካለፈ ኪት አውጥተው፣ የራሳቸውን ስቲከር ለጥፈው ሸጡልኝ። ያ ነጭ ዱቄት ኢምንቷ ፕሮቲን መስታወቱ ላይ ተጣብቃ እንዳትጠፋ በብዛት የሚጨመር ነው። አንድ ማይክሮግራም 1,000 ናኖግራም ነው። የከፈልኩት ለ10,000 ናኖግራም ነው፣ የተሰጠኝ 10። በደብተሬ ላይ 100 ናኖግራም በሚሊሊትር ብዬ የመዘገብኩት ሁሉ 0.1 ነበር። በዚያ መጠን ማን ይጠራል?

ባለቤቱ አልደነገጠም። ቢደነግጥ ኖሮ "አዲስ አበባ ያለው አቅራቢ አታሎት ይሆናል" እል ነበር። ቫያሉን አየና "ያው ነው እኮ፣ ፕሮቲኑ አንድ ነው" አለ። ያውቅ ነበር። ልጁ ደግሞ "10 ነው ያዘዝሽው፣ 10 ነው የመጣልሽ" ብሎ ሳቀ። ማይክሮና ናኖ የማይለይ ቢሆን አይስቅም ነበር። "ፈርመሽ ወስደሻል፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አሉኝና ወደ ሌላ ገዢ ዞሩ።

ገዢዋ ስትሪፕ ሊወስዱ የመጡ እናት ነበሩ። "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አሉኝ። ከየት ጀምሬ ልንገራቸው? የያዙትን ስትሪፕ ተቀብዬ ቀኑን፣ ማሸጊያውን አየሁላቸው። ደህና ነበር። ከዚያ ወጣሁ።

ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ ወንድሜን ቀስ እያልኩ እከፍለዋለሁ። የሰዎቹ ደም ግን አልወጣልኝም። ክንዳቸውን ዘርግተው፣ "ለትምህርትሽ ከጠቀመሽ" ብለው የሰጡኝ ነው። ነገ ደውዬ "እንደገና ኑ" ልላቸው ነው።

እናንተ ሁለተኛውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ቫያሉ ላይ ሎት ቁጥር፣ ማለትም የምርት ዙሩ መለያ፣ መኖሩን እዩ። የኔ ስቲከር ላይ አልነበረም፤ አብሮት በመጣው ሰርተፊኬት ላይ ብቻ ነበር። ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ አመሳክሩ። ስቲከር በስቲከር ላይ ከሆነ አትረከቡ። መጀመሪያ ቀን ከሌላ ማወዳደሪያ ጋር ሞክሩት።

ቫያሉንና የተላጠውን ስቲከር በፕላስቲክ አሽጌ አስቀምጫለሁ። ሰኞ ጠዋት ይዣቸው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ንም አትሜያለሁ። ከእነዚህ ሰዎች የገዛችሁት ቫያል ካለ፣ ባዶም ቢሆን አትጣሉት። በረዶ ላይ አቆዩትና ጠርዙን እዩ።