የሥራ ዝርዝር ወይስ የሰዓት ድልድል?

ቀኑ ለማይበቃው የንግድ ድርጅት ባለቤት ሥራዎቹን በቅደም ተከተል ጽፎ መያዝ ይሻለዋል ወይስ ለእያንዳንዱ ሥራ ሰዓት መመደብ? በወጪ ረገድ ሁለቱም ከወረቀትና ከእስክሪብቶ አያልፉም።

ዝርዝር በጥቂት ደቂቃ ይዘጋጃል፤ ድልድል ግን ሥራው የሚወስደውን ጊዜ አስቀድሞ መገመትን ይጠይቃል።

በዝርዝር የሚመራ ሰው ስልክ እየመለሰና ደረሰኝ እየሰበሰበ ቀላል ቀላሉን ሲሰርዝ ውሎ፣ ከባዱን የዋጋ ጥናት ለሳምንታት ሊያንከባልለው ይችላል፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ኪሳራ ይህ ነው። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የቀመረው፣ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፍ ዘዴ ከድልድል ወገን ሲሆን፣ ከባዱን ሥራ ለመጀመር ያግዛል። ድልድል በበኩሉ መብራት ሲጠፋ ወይም ያልታሰበ እንግዳ ሲመጣ ይፈርሳል።

ደንበኛ ቀኑን ሙሉ ለሚገባበት ሱቅ ዝርዝር ይስማማል፤ ንድፍ ለሚሠራ ወይም ሒሳብ ለሚዘጋ ባለቤት ግን ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ማንም የማይነካው ጊዜ መከለል ይሻላል።