ለመንገድ መኪና የሚሆን የፍሬን ማሻሻያ፦ በአነስተኛ ገንዘብ የትኛውን መግዛት ይሻላል?

የፍሬን ማሻሻያ ሲነሣ የብዙ ሰው ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በቸርኬው ክፍተት በኩል በሚታዩት ዕቃዎች፣ ማለትም በተበሳሳ ዲስክና ደማቅ ቀለም በተቀባ ትልቅ ካሊፐር (ዲስኩን ጨምቆ በሚይዘው ክፍል) ላይ ነው። እነዚህ ከሁሉም ውድ ሲሆኑ በየቀኑ ወደ ሥራና ወደ ቤት ለሚመላለስ መኪና የሚሰጡት ጥቅም ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። በዚህ ግምገማ ያተኮርኩት አቅምን በማይፈትኑት በፍሬን ዘይት፣ በሸራ (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ዲስኩን በሚፈትገው ክፍል)፣ በዲስክና በቱቦ ላይ ነው። ሁሉንም የመዘንኩትም በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቆሞ ያደረ መኪና ፔዳል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲረገጥና ያው ፔዳል ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ሲረገጥ፣ ነጂው የሚያገኘው ምላሽ ተመሳሳይ ነው ወይ?

መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው አስፋልቱን የመያዝ አቅሙ ነው። ነባሩ ፍሬን በደረቅ መንገድ ላይ ኤቢኤሱን (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ሥርዓት) እስኪያሠራ ድረስ መያዝ ከቻለ፣ በትልቅ ፍሬን መተካቱ የአንድ ድንገተኛ ማቆምን ርቀት እምብዛም አያሳጥርም፤ የደረቀና ያለቀ ጎማን በጥሩ ጎማ መለወጥ ግን ያሳጥረዋል። የትልቅ ፍሬን ብልጫው ሙቀትን በመሸከሙ ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ50 ሲሄድ ከነበረው የእንቅስቃሴ ጉልበት 4 እጥፍ ይይዛል፤ ፍሬን ሲያዝ ይህ ጉልበት በአብዛኛው በዲስኩና በሸራው ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ ወይም ከፍተኛ ፍጥነትን ደጋግሞ ለሚገታ ሰው ጉዳዩ የሙቀት ጉዳይ ነው፤ ለዚህም በቅድሚያ መታየት ያለበት ዘይቱ ነው።

የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃ በገባበት መጠንም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅም ፔዳሉ ኃይል ሳያስተላልፍ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይት ዶት በሚባል ደረጃ ይመደባል፤ በዚህ ደረጃ መሠረት ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበት ከያዘ በኋላ እስከ 140 ድረስ ሳይፈላ መቋቋም አለበት፤ ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155፣ ለዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ናቸው። ለመንገድ መኪና ከእነዚህ ጥንድ ቁጥሮች የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ዘይቱ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እርጥበት ይዞ ነው። በዚህ መስፈርት የኤቲኢ ታይፕ 200 በጣም ጥሩ ምርት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አዲስ ሳለ 280፣ እርጥበት ይዞም 198 ዲግሪ የሚደርስ የመፍያ ነጥብ ያለው ዶት 4 ነው። ቀጭን ዘይት እንዲደረግባቸው የመመሪያ መጽሐፋቸው የሚያዝዝ ኢኤስፒ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ሥርዓት) ያላቸው መኪኖች ግን የታዘዘላቸውን ሊጠብቁ ይገባል። በስም ተቀራራቢ የሆነው ዶት 5 የሲሊኮን ዘይት ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። የትኛውም ዘይት ቢገዛ በየ2 ዓመቱ ገደማ ካልተለወጠ ጥራቱ ዋጋ የለውም። አሮጌውን አስወጥቶ አየሩን በሚገባ አጽድቶ አዲስ መሙላት ከማሻሻያዎች ሁሉ ርካሹ ነው፤ ፔዳሉ ላይ የሚያመጣውም ለውጥ በእግር ይታወቃል።

ቀጥሎ ያለው ሸራ ነው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው። የውድድር ሸራ በኃይለኛ ሙቀት አስደናቂ ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ ሲሆን መያዙ ደካማ ነው። በመንገድ ላይ ግን እግረኛ ድንገት የሚገባው ሸራው እስኪሞቅ ጠብቆ አይደለም። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የሙቀት መጠን የሚያስጎመጅ ቢሆንም፣ ገዢው መጠየቅ ያለበት ሸራው ከስንት ዲግሪ ጀምሮ እንደሚይዝ ነው። በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ የሚታተሙት ሁለት የላቲን ፊደላት ለዚህ ይረዳሉ፤ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ያለውን የፍትጊያ መጠን ያሳያሉ። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ያለውን ይወክላሉ። ሁለቱም ፊደላት «ኤፍ» የሆኑበት ሸራ ለመንገድ አስተማማኝ ምርጫ ነው። በአውሮፓ ደንብ የአር 90 ምልክት ያለው ሸራም አፈጻጸሙ ከመኪናው ነባር ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ተፈትኗል፤ ይህ ምልክት ለእኔ ከብዙ የማስታወቂያ ቃል ይበልጣል።

ከታወቁት ምርቶች መካከል የአኬቦኖ ሴራሚክ ሸራ ለቤተሰብ መኪና ቀዳሚ ምርጫዬ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ቸርኬ የማያጠቁርና ሲረገጥ የሚገመት ነው፤ ነገር ግን ከረገጡት ቅጽበት ጀምሮ ጠበቅ ብሎ የሚይዝ ፍሬን ለሚወድ ሰው ትንሽ ሊለሰልስበት ይችላል። የሆክ ኤችፒኤስ ብረት የበዛበት ቅይጥ ሲሆን መያዙ ጠንከር ይላል፤ ፈጠን ብሎ ለሚነዳ፣ ነገር ግን ከመንገድ ለማይወጣ ሰው የሚስማማ መካከለኛ ነው። የኢቢሲ የሎውስታፍ ከዚህም ከፍ ያለ ፍትጊያ አለው፤ አቧራውን ለታገሠ ሰው ጥሩ ነው። የፌሮዶ ዲኤስ 2500 በሚገባ የተሠራ ምርት ቢሆንም ወደ ውድድር ሜዳ ያደላል፤ ማታ ማታ ልጆችን ከትምህርት ቤት ለሚያመጣ መኪና አልመክረውም። የኤቲኢ፣ የቲአርደብሊው ወይም የቴክስታር መደበኛ ሸራ የገዛ ሰውም አልተጎዳም፤ እነዚህ ለመኪና ፋብሪካዎች ራሳቸው ዕቃ የሚያቀርቡ ናቸው።

ሸራ ከተገጠመ በኋላ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። አምራቹ ያዘዘው ሥርዓት ካለ እርሱን መከተል ይገባል፤ ከሌለ ጭር ባለ መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ገደማ በመካከለኛ ርግጫ ደጋግሞ ማውረድ፣ ከዚያም ፍሬን ሳይዙ እየነዱ ማቀዝቀዝ ይበቃል። ሸራው እንደጋለ ፔዳሉን ረግጦ መቆም በዲስኩ ላይ የሸራ ቅሪት እንዲጣበቅ ያደርጋል። «ዲስኩ ተጣመመ» ከሚባልባቸው መንቀጥቀጦች ብዙዎቹ የሚመጡት ከእንዲህ ዓይነቱ ቅሪትና ካልተስተካከለ ውፍረት ነው፤ 0.02 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ የውፍረት ልዩነት እንኳ መሪውን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ስለ ዲስክ ብዙ የሚባል የለም፦ ከታመነ አምራች የተገዛ፣ ዝገት መከላከያ የተቀባ፣ ቀዳዳም መስመርም የሌለው ዲስክ ይበቃል። የተበሳው ዲስክ በተደጋጋሚ ሙቀት ከቀዳዳዎቹ ጀምሮ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ጎድጎድ ያለ መስመር ያለውም ሸራን ቶሎ ይጨርሳል፣ ድምፅም አለው። አሮጌውን ለማቆየት የሚፈልግ ሰው በዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ የውፍረት ልክ አይቶ በመሣሪያ ይለካ። በብረት ክር የተሸፈነ ቱቦም ቢሆን የማቆሚያውን ርቀት አያሳጥርም፤ የቆየውን የጎማ ቱቦ ሲተካ ግን ፔዳሉን ያጠነክራል፤ ጥራቱ የተረጋገጠ ከሆነ ገንዘቡን አያስቆጭም።

ለግዢ ከመነሣት በፊት ግን ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች መታየት አለባቸው፤ ደርቀው ከተያዙ አንደኛው ሸራ ብቻ እየሠራ ያልቃልና ውድ ሸራ እዚያ ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ሲጸዱም የሚቀቡት ለፍሬን የተሠራ ግራሶ መሆን አለበት፤ ከነዳጅ የተገኘ ተራ ግራሶ የላስቲክ ክፍሎቹን ያሳብጣል።

ይህን ሁሉ አድርጎ አሁንም ሙቀት የሚያሸንፈው ሰው፣ ከተሟላ የትልቅ ፍሬን ኪት ይልቅ የዚያው ሞዴል ኃይለኛ ሞተር ካለው መኪና የተገኘ ዲስክና ካሊፐር እንዲፈልግ እመክራለሁ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ያንሳል፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። የፊቱ ብቻ ሲጠነክር የፊትና የኋላ ፍሬን ሚዛን ወደ ፊት ያጋድላል፤ የኋላ ጎማዎች ድርሻ ሲቀንስም የማቆሚያው ርቀት ሊረዝም ይችላል። ትልልቅ የካሊፐር ፒስተኖች ብዙ ዘይት ስለሚጠይቁ ነባሩ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ካሊፐሮቹ የሚገፋው ክፍል) ካልተመጠነላቸው ፔዳሉ ወደ ታች ይርቃል። ስለዚህ ያ ኃይለኛው መኪና የሚጠቀምበትን የኋላ ፍሬን፣ ማስተር ሲሊንደርና የቸርኬ ስፋት አስቀድሞ አጣርቶ፣ ልዩነት ካለ አብሮ መለወጥ ወይም ሐሳቡን መተው ይገባል።